ባርኔጣዋን የምታወልቀው መኪና

መንገድ ቀያሹ ፈረንጅ ሥራውን ጨርሶ ከሶዶ ሊሄድ ሲል መኪናውን ለሽያጭ አቆማት። ጊዜው 1954 ዓ.ም. ነው፤ ክረምቱ ገና አልገባም። መኪናዋ ትንሽ ናት፣ ከመሬት ብዙም ከፍ አትልም፣ ቀለሟ የጎመን ቅጠል ይመስላል። ጣሪያዋ ግን ቆርቆሮ አይደለም፤ የተወጠረ ሸራ ነው። ከፊት መስታወቱ ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ማያያዣዎች ሲፈቱ ሸራው ከነብረት አጥንቱ ወደ ኋላ ይታጠፍና መኪናዋ እንደ ጀልባ ክፍት ሆና ትቀራለች።

ሊያያት የመጣ ሰው ብዙ ነበር። አንድ የቆዳ ነጋዴ ሁለት ጊዜ ዞራትና፣ “ይቺ ልብሷን ቤት ረስታ የወጣች መኪና ናት” ብሎ ሄደ። ከአንድ ጽሕፈት ቤት የመጣ ጸሐፊም ወደ ዳሞታ ተራራ ቀና ብሎ ደመናውን አየ፣ ሸራውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ዳሞታ ደመና ከለበሰ ሶዶ ላይ ምን እንደሚወርድ የማያውቅ የለም።

አሳየሽ የመጣችው ሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ባሏ ካረፈ ወዲህ በገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ከፍታ አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ሻሽና ዱንጉዛ ትሸጣለች። ዱንጉዛ ያ የወላይታው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ነው፤ ጥሩውን ከመጥፎው በጨለማ በእጇ ዳስሳ ትለይ ነበር ይባልላታል። ጎማውን አላየችም። ኮፈኑንም አላስከፈተችም። በቀጥታ ወደ ሸራው ሄዳ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ይዛ አሸችው፤ ስፌቱን ገልብጣ አየች፤ አሸተተችው። ከዚያ ከጣሳ ውኃ አፈሰሰችበትና መዳፏን ከሥሩ አድርጋ ቆየች። መዳፏ ደረቅ ነበር።

“ጨርቁ ጥሩ ነው” አለች።

የፈረንጁ ሾፌር ኤርካሎ ከጎን ቆሞ ይስቅ ነበር። “እትዬ፣ መኪና ነው እኮ የሚገዙት። ሞተሩንስ?”

“ሞተሩን የምታውቀው አንተ ነህ። ንገረኝ።”

“ጠዋት ጠዋት ያኮርፋል። ከተነሣ ግን አይከዳም።”

“አንተስ? ፈረንጁ ሲሄድ ወዴት ነህ?”

“እኔማ ቤቴ ቁጭ ነኛ!”

“እንግዲያው ከመኪናዋ ጋር አንተም ና” አለችው። መኪናዋንም ሾፌሩንም በአንድ ቀን እንዲህ አድርጋ ወሰደች።

ጎረቤቷ ሳህሊቱ ወሬውን ሰምታ ነጠላዋን ሳታጣፋ መጣች። የሳህሊቱ አባት ከሰሜን መጥተው ሶዶ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ ሁለቱ ሴቶች ግን አጥር ለአጥር ሆነው ሲፎካከሩና ሲዋደዱ ነው የኖሩት።

“እሰይ!” አለች ሳህሊቱ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አይታ። “ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ልትይዥላት ነው?”

“ያንቺን እዋሳለሁ።”

“አንቺ ሴት፣ ሰው ጣሪያ ሊሠራ ይለፋል፤ አንቺ የሚነቀል ጣሪያ ትገዣለሽ!”

“ለዚህ ብዬ ነው እኮ የገዛኋት። ነገ አረካ ገበያ ብትመጪ ታያለሽ።”

ሳህሊቱ አልሄደችም፤ የሄዱት ግን አይተው መጥተው ነገሯት። አሳየሽ መኪናዋን ከገበያው መሃል አቁማ ሸራውን አጠፈችው። የኋላ ወንበሩ ላይ ጣቃዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ዱንጉዛው በበሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሻሹ በፊት መስታወቱ ላይ ይውለበለባል። ድንኳን የለ፣ መደብ የለ፣ ጨርቅ ጭቃ አይነካ። ሴቶቹ በአራቱም በኩል እጃቸውን ሰድደው ይዳስሳሉ። እሷ መሃል ቆማ እየለካች ትቀድዳለች። ጎኗ ላይ የዳጣ ቃሪያና ዝንጅብል ይዘው የተቀመጡት ሴቶች ሳይቀሩ ገበያቸው ደራላቸው፤ መኪናዋን ሊያይ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስማ። ከዚያ ወዲህ አረካ፣ ሻንቶ፣ አንዳንዴም ቆላ ወርዳ ሁምቦ ድረስ ትሄድ ጀመር። ሰውም መኪናዋን “ባለ ሸራዋ” አላት።

ችግሩ የመጣው ማንም ካላሰበው በኩል ነው።

በወላይታ ፈረስ የተቀመጠ ሰው ለቅሶ ካለበት ሜዳ ሲደርስ ይወርዳል። ሽማግሌዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው ካገኘም ይወርዳል፤ ልጓሙን ይዞ “ሳሮ” ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፤ የቤቱን፣ የልጁን፣ የከብቱን ደኅንነት ጠይቆ፣ ተጠይቆ፣ ጥቂት በእግሩ ተራምዶ ነው ዳግም የሚቀመጠው። ከመንግሥት መኪና ግን ይህን የሚጠብቅ አልነበረም። የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ማን እንዳለ ማን ያያል? አቧራውን አልብሶ ያልፋል፤ ሰውም አቧራውን አራግፎ ጨዋታውን ይቀጥላል። አሳየሽ ግን ፊቷ ይታያል፤ የማን ልጅ፣ የማን ሚስት እንደነበረች ይታወቃል። ስለዚህ ታስቆማለች፣ ትወርዳለች፣ ሰላምታ ትሰጣለች፤ ገብታ ሳትደላደል ደግሞ ሌላ ሽማግሌ ይመጣል።

“እትዬ፣ በዚህ አያያዝ በግ የሚነዳውም ይቀድመናል” ይላታል ኤርካሎ።

“ይቅደመን። ቁም ብዬሃለሁ።”

አንድ ቀን ግን አልቆሙም። ሻንቶ አጠገብ ከባድ ዝናብ ያዛቸው። ሸራውን ዘረጉ፤ የጎን መሸፈኛውንም ቆለፉ። የመሸፈኛው መስኮት አርጅቶ ቢጫ ሆኗል፤ ውጭውን እንደ ጭስ ነው የሚያሳየው። ኤርካሎ መሪው ላይ ተደፍቶ ጭቃውን ብቻ እያየ ነዳ። በስተቀኝ ከባሕር ዛፎቹ ሥር የለቅሶ ሜዳ ነበር። ከለቀስተኞቹ መሃል ደግሞ የአሳየሽ አማት፣ የሟች ባሏ አባት ሻንቆ ተቀምጠዋል። ባለ ሸራዋ ስትመጣ ሽማግሌዎቹ ዞር አሉ፤ ምራታቸው መሆኗን ሁሉም ያውቃል፤ ልትቆም ነው ብለው ንግግራቸውን አቋረጡ። መኪናዋ ጭቃ ረጭታ አለፈች።

ሻንቆ የተረጨውን ጭቃ ከጋቢያቸው ጫፍ ላይ በጣታቸው ጠረጉት።

በዚያው ሳምንት የአሳየሽ ልጅ ፈጠነች ሻንቶ ካለው ከአያቷ ከሻንቆ ቤት አልቅሳ መጣች። ፈጠነች በክሊኒክ ድሬሰር ሆና የምትሠራ፣ አንገቷን ደፍታ የምትስቅ ልጅ ናት። አረካ የሚያስተምረው አንጁሎ ሽማግሌ ሊልክባት ተነጋግሮ አልቋል፤ ሽማግሌዎቹን መቀበል ያለባቸው ደግሞ የቤቱ ታላቅ፣ አያቷ ናቸው። እሳቸው ካልተቀበሉ ሌላ የሚቀበል የለም።

“ምን አሉሽ?”

“‘በለቅሶ ላይ ሳትወርድ ያለፈች ሴት ልጇን ስትድር እኔ አልቆምም። መጀመሪያ ያቺን መኪና ትሽጥ’ አሉኝ።” ፈጠነች ዓይኗን ጠረገች። “እማዬ፣ አትሽጫት። የምንበላው እኮ በእሷ ነው። ግን ደግሞ አንጁሎ...”

አሳየሽ የልጇን ፀጉር በመዳፏ አስተካከለችላት። “ተይው። አንዱን ለማግኘት ሌላውን አልጥልም። አያትሽን እኔ አውቃቸዋለሁ።”

በማግስቱ ወደ ሻንቶ ሄደች። ሳትወርድ ያለፈችበትን የለቅሶ ቤት ሰዎች አስቀድማ ይቅርታ ጠየቀች፤ እነሱም ተቀበሏት። ከዚያ መኪናዋን ከዳገቱ ሥር አስቁማ ወደ አማቷ ደጅ በእግሯ ወጣች። ሻንቆ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ኮርቻ ቅቤ ይቀባሉ። ፈረሳቸው ከሞተ ቆይቷል፤ ሌላም አልገዙም፤ ጉልበታቸው እንደ ድሮው አይታዘዝም። ኮርቻው ግን ያበራል። 

“በእግርሽ መጣሽ?” አሉ ሻንቆ ቀና ሳይሉ።

“አዎ፣ አባባ። መኪናዋ ታች ቆማለች።”

“እግር እንዳለሽ ረስተሽ እንደሆን ብዬ ነው።”

“ያን ዕለት አላየሁም። ዝናብ ነበር፣ ሸራው ተዘርግቶ ነበር።”

“አላየሁም! ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ዋይታ! ዝሆን ብንሆን ኖሮስ ታይን ነበር?”

“ጥፋቴ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።”

“ይቅርታሽን ለሟቹ ቤት ሰጥተሻል፤ ሰምቻለሁ፤ ደግ አድርገሻል።” እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። “የኔ ነገር ሌላ ነው። ያቺ መኪና ወግ የላትም። ወግ በሌለው ነገር እየዞርሽ፣ እኔ ከአረካ ሰዎች ፊት ቆሜ ‘የኛ ቤት ልጅ ወግ ታውቃለች’ ልበል? ሽጫት።”

“አልሸጣትም፣ አባባ።”

እንዲህ የመለሰላቸው ሰው ከስንት ጊዜ ወዲህ አልነበረም። ሻንቆ አሁን ቀና አሉ።

አሳየሽ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ ቀጠለች። “የልጅዎን ልጆች የማሳድገው በእሷ ነው። እርስዎ ፈረሰኛ ነዎት፤ እኔ ፈረስ ተቀምጬ አላውቅም። በቅሎ ላይ የወጣሁት በሠርጌ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀንም ያወረዱኝ ሌሎች ናቸው። አወራረድ ማን አስተማረኝ? ነገ አረካ ገበያ እሄዳለሁ። ከጎኔ ይቀመጡና ከመኪና እንዴት እንደሚወረድ ያሳዩኝ። እርስዎ እንዳደረጉት አደርጋለሁ። በዚህች መኪና ወግ ማድረስ አይቻልም ብለው ከወሰኑ ደግሞ እዚያው ገበያ ላይ እሸጣታለሁ።”

ሻንቆ ኮርቻውን፣ ምራታቸውን፣ ታች መንገዱ ላይ አረንጓዴ ጥንዚዛ መስላ የቆመችውን መኪና ተራ በተራ አዩ። መኪና ላይ ተቀምጠው አያውቁም። እሱን ግን አይናገሩም።

“በጠዋት ነው?” አሉ።

“በጠዋት።”

በማግስቱ ጥቁር ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ጋቢ ደርበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ወረዱ። ኤርካሎ በር ከፈተላቸው። አሳየሽ ከኋላ ከጨርቅ ጣቃዎቹ ጋር ተጣብቃ ተቀመጠች። ሻንቆ ዝቅ አሉ፤ ወንበሩን አላገኙትም፤ አሁንም ዝቅ አሉ፤ ከዚያ ዷ ብለው ወደቁበት።

“ይሄ ወንበር ነው ወይስ ጉድጓድ?”

“ሲለምዱት ይመቻል፣ አባባ” አለ ኤርካሎ።

ሸራው ታጥፏል፣ ነፋሱ የጋቢያቸውን ጫፍ ያውለበልባል። መጀመሪያ ምርኩዛቸውን አጥብቀው ይዘው ነበር። እየቆዩ አገጫቸው ቀና አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል፤ እሳቸውም በፈረሳቸው ዘመን እንደሚያደርጉት ራሳቸውን በትንሹ ዝቅ እያደረጉ ያልፋሉ። አሳየሽ ከኋላ ሆና የማጅራታቸውን ቀጥ ማለት እያየች በሻሿ ውስጥ ፈገግ አለች።

ወዲያው ግን ሽማግሌዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው ታዩ። “ቁም!” አሉ ሻንቆ። “እዪ እንግዲህ፣ እንዲህ ነው።” በሩን ከፈቱ። አንድ እግራቸውን አወጡ። ሌላው አልወጣም። በምርኩዙ ገፉ፣ በመስታወቱ ጎተቱ፣ ኤርካሎ ዞሮ በብብታቸው ገባ፤ በስንት መከራ ቆሙ። ቆመው ሲያዩ ሽማግሌዎቹ ከእግራቸው ሥር ናቸው። ፈረሰኛ ሲወርድ ያጥራል፤ እሳቸው ግን ከመኪናዋ ሲወጡ ረዘሙ! ቅር አላቸው። ሰላምታውን ሰጥተው፣ ከብቱንም እህሉንም ጠይቀው፣ እንደገና ወደ ጉድጓዱ ወረዱ።

ትንሽ እንደሄዱ ሌላ ሽማግሌ፤ “ቁም!” ከዚያም ሌላ፤ “ቁም!” የመጨረሻውን ጊዜ ጉልበታቸው ቋ ሲል ሦስቱም ሰሙት። 

ኤርካሎ ሊያበረታታቸው ብሎ፣ “ፈረንጁ እንኳ እንዲህ አይወርድም ነበር” አለ።

“ዝም ብለህ ንዳ!”

አረካ ሊደርሱ ሲሉ ሰማዩ ጠቆረ። ሸራውን ዘረጉት። ዝናቡ መጣ። መንገዱ ሲታጠፍም እነሆ፣ ከፍ ካለው መስክ ላይ ትልቅ ለቅሶ ተቀምጧል፤ ሰዉ ከእንሰቱ ጥግ ተጠልሎ፣ ሽማግሌዎቹ ከፊት። የአንጁሎ አጎት፣ ሽማግሌ ሆኖ ሊላክ የተዘጋጀው ባዳቾም ከመሃላቸው ነበር። አሳየሽ አየችው። ሻንቆም አዩት።

“ቁም!”

መኪናዋ ቆመች። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ባለ ሸራዋ ዞረ። ሻንቆ በሩን ከፍተው እግራቸውን አወጡ። ሊነሡ ሲሉ ራሳቸው ከሸራው ብረት ጋር ተጋጨ፤ ባርኔጣቸው ወደቀ። እንደገና ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ኤርካሎ በዝናቡ ሮጦ ዞሮ እጃቸውን ይዞ ሳበ።

“እንደ ጆንያ አትጎትተኝ፣ አንተ!”

ከመስኩ ላይ ሁሉም ያያል። ከሸራው ሥር ማን እንዳለ አይታይም፤ የሚታየው በር ላይ የሚወራጭ አንድ እግር ብቻ ነው። አሳየሽ ከኋላ ድጋፍ ልትሆናቸው እጇን ዘረጋች፤ ግን መለሰችው። እጇን እንደማይፈልጉ ታውቃለች።

ሻንቆ እግራቸውን መልሰው አስገቡና ወደ ላይ፣ ወደ ሸራው አዩ።

“ግለጡት” አሉ።

“አባባ፣ ዝናቡ!” አለ ኤርካሎ።

“ዝናቡን አይቻለሁ! ግለጡት!”

አሳየሽ ከኋላ ተንጠራርታ አንዱን ማያያዣ ፈታችው፤ ሌላውን ኤርካሎ ፈታው። ሸራው ወደ ኋላ ታጠፈ፤ በላዩ የተጠራቀመው ውኃ በሙሉ ጣቃዎቹ ላይ ተደፋ። አሳየሽ አቡጀዲውን አየችው። የራሷን ኩታ ልታለብሰው ትችል ነበር። አላደረገችውም፤ ኩታዋን ከራሷ ላይ አውርዳ ትከሻዋ ላይ አኖረችና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

ሻንቆ ባርኔጣቸውን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ምርኩዛቸውን መሬት አስነኩ። ዝናቡ በሽበታቸው ላይ ይወርዳል፣ በጢማቸው ይንጠባጠባል፤ አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። 

ጥቂት ቆይቶ ባዳቾ ተነሥቶ ወደ መንገዱ ወረደ። ከሻንቆ ጋር የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው።

“ሳሮ፣ ሻንቆ።”

“ሳሮ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።”

ባዳቾ መኪናዋን አየ። “አልወረድክም?”

“ወርጃለሁ” አሉ ሻንቆ። “እናንተ መስክ ላይ ናችሁ፣ እኔ ጉድጓድ ውስጥ ነኝ። ጣሪያዬን ገልጫለሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄያለሁ። ከዚህ በታች ወዴት ልውረድ?”

ባዳቾ ሻንቆን አየ፤ ከኋላ በዝናቡ የምትበሰብሰውን ሴት አየ፤ ከእሷ ጋር የሚበሰብሰውን ንጹሕ አቡጀዲም አየ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገና፣ “ወርደዋል!” አለ።

“ወርደዋል” አሉ ከላይ።

ሻንቆ ዕድሜያቸውን በሙሉ ለለቅሶ ስንት ጊዜ ከፈረስ ወርደው ይሆናል፤ እንደዚያን ዕለት በደንብ የወረዱበት ጊዜ ግን አልነበረም። ሐዘንተኞቹ አንድ በአንድ ወደ መኪናዋ መጥተው እጃቸውን ጨበጡ። አሳየሽ ደግሞ ወርዳ ከሴቶቹ መሃል ገብታ አልቅሳ መጣች።

ሲመለሱ ዝናቡ አባርቷል። ሻንቆ ወደ ኋላ ዞረው ጣቃዎቹን ነኩ፤ ውኃው በጣታቸው መሃል ወረደ።

“አቡጀዲሽ!”

“ይደርቃል፣ አባባ።”

“ኩታሽን ልታለብሺው ትችዪ ነበር።”

“እርስዎ ራስዎን ገልጠው እኔ ጨርቅ ላለብስ?”

ሻንቆ ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ፣ ከፊት ለፊት መንገዱን እያዩ፣ “ከዛሬ ጀምሮ ሸራዋ ታጥፎ፣ ራስሽን ገልጠሽ ከቆምሽ ወርደሻል ማለት ነው። የሚጠይቅሽ ካለ ሻንቆ ብሏል በዪ” አሉ። “ለለቅሶ ነው ይሄ። ለሽማግሌ ሰላምታ ደግሞ አንቺ ጉልበትሽ ደህና ነው፤ ትወርጃለሽ።”

“እሺ፣ አባባ።”

“መኪናዋን ሸጠሽ ብትመጪ ጉድሽ ይፈላል። ደግሞ የሚቀጥለው ገበያ መቼ ነው?”

ኤርካሎ ሳቁን ለመደበቅ ክላክስ ነፋ።

አቡጀዲው ሲደርቅ ውኃው የቆመበት ቦታ ሁሉ ቡናማ ክብ ክብ አወጣ። የሚገዛው አልነበረም። አሳየሽም ተቀምጣ ጣቃውን ከጣቃ ጋር ሰፋችውና ትልቅ የዳስ ልብስ አደረገችው። የአረካ ሽማግሌዎች ለፈጠነች የመጡ ዕለት ሻንቆ ደጅ ላይ የተወጠረው እሱ ነው። ፀሐዩ በክቦቹ ውስጥ እየገባ መሬቱ ላይ ጠይም የጠገራ ብር መሳይ ጥላ ይጥል ነበር።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ላንድሮቨር ተከራይተው ነው። በሩ ድረስ አምጥተው አቆሙትና አንድ በአንድ እየዘለሉ ወረዱ፤ ባዳቾ ከፊት። ሻንቆ ከዳሱ ሥር ቆመው ይጠብቃሉ፤ ጥቁሩን ባርኔጣ አድርገዋል። ከጎናቸው ባለ ሸራዋ ታጥባ ቆማለች፣ ሸራዋ ታጥፏል። ሳህሊቱ ከሶዶ ድረስ በእሷ ተሳፍራ መጥታ ገና ከወንበሩ አልወጣችም፤ “ከዚህ ጉድጓድ አውጡኝ!” እያለች ትጮኻለች።

ሻንቆ ለሽማግሌዎቹ ሰላምታ ሰጡ፤ የቤቱን፣ የልጁን፣ የከብቱን ደኅንነት ጠየቁ። ከዚያ ላንድሮቨሩን በምርኩዛቸው አመለከቱ።

“ባዳቾ፣ ይሄ የናንተ መኪና ባርኔጣውን አያወልቅም እንዴ?”

ባዳቾ ሳቀ፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሳቁ።

“አያወልቅም፣ ሻንቆ። ወግ አላስተማሩትም።”

“እንግዲያው እሱ ውጭ ይቆይ፤ እናንተ ግቡ” አሉ ሻንቆ። ዞረው ምራታቸውን በዓይናቸው ፈለጉ። አሳየሽ የፈጠነችን እጅ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። “የባለ ሸራዋ ባለቤት ልጅ ናት” አሉ ለእንግዶቹ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው። “እናቷ ወግ የምታውቅ ሴት ናት። ተቀመጡና እንነጋገር።”